እንጨት ተሸካሚ እናቶችን እያነሳሁ ነበር፣ አንዷ "ለማን ነው?" ብለው አቆሙኝ

የጉለሌው_ካሜራ

ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ ነው የምኖረው፣ ተወልጄ ያደግኩትም እዛው ነው። እንጀራዬ ሰርግና ክርስትና ማንሳት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ግን ሥራ በሌለኝ ቀን ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ ከጫካው እንጨትና ቅጠል የሚያወርዱትን ሴቶች ማንሳት ጀመርኩ። መቼም ታውቋቸዋላችሁ፣ ሌሊት ወጥተው ጭራሮውንና የባህር ዛፍ ቅጠሉን ለቅመው፣ ከቁመታቸው የሚረዝም ሸክም ጀርባቸው ላይ አጋድመው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱት ማለቴ ነው። ልጅ ሆነን እኛ ወደ ትምህርት ቤት ስንወርድ እነሱም ይወርዳሉ፣ ሸክሙ ወደ ጎን ስለሆነ መንገዱን ሁሉ ይይዘዋል፣ አጥር ላይ ተለጥፈን ነበር የምናሳልፋቸው። የቅጠሉ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ሐሳቤ ተከታታይ ፎቶ መሥራት ነው፣ አንዷን ፎቶ ለጥፎ ላይክ መሰብሰብ ሳይሆን ታሪክ የሚናገር ነገር። እስካሁን 400 ምናምን ፎቶ አለኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ግን አንዲት እናት ሸክማቸውን ግንብ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ (ታውቃላችሁ፣ አያወርዱትም፣ አንዴ ከወረደ ያለ ሰው እርዳታ አይነሳም) ቀረብ ብዬ ሳነሳቸው ዝም ብለው አዩኝና "አንተ ልጅ፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ታነሳኛለህ፣ ለማን ነው?" አሉኝ። "ለታሪክ ነው እማማ" አልኩ። "የማን ታሪክ?" አሉ። መልስ አጣሁ። ሳቅ ብለው "ፈረንጁም ያነሳናል አንተም ታነሳናለህ፣ እኛ ግን አይተነው አናውቅም" አሉና ገመዳቸውን ጠበቅ አድርገው ሄዱ። አልተቆጡም እኮ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዛ ቀን ጀምሮ ካሜራዬ ከቦርሳ አልወጣም።

እና ምን ልጠይቃችሁ መሰላችሁ፣ እንደዚህ ዓይነት ሥራ የሠራችሁ ካላችሁ ገንዘብ ትከፍላላችሁ ወይ? ፈቃድስ እንዴት ነው የምትጠይቁት፣ ከጠየቅኳቸው በኋላ ሁሉም ቀጥ ብለው ይቆሙና ፎቶው የመታወቂያ ይሆንብኛል። ሌላው የቴክኒክ ነው፣ ነጠላቸው ነጭ ሰማዩ ነጭ፣ ፊታቸው ግን ጥቁር ሆኖ ምንም አይታይም፣ ላይትሩም (ፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙ) ላይ ሳወጣው ደግሞ አመድ ይመስላል። ካሜራዬ አሮጌ ካኖን ነው፣ ሌንሱ 50።

ቦሌ_ሰፈር_09

ወንድሜ እውነቱን ልንገርህ አትቀየመኝ። ይሄ ፎቶ አርጅቷል። ጎንበስ ያለች ሴት፣ ትልቅ ሸክም፣ ከኋላ ጉም፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከሥሩ "ጥንካሬ" የሚል ጽሑፍ። በየካላንደሩ አለ በየሆቴሉ አለ በየኤንጂኦው ሪፖርት ሽፋን ላይ አለ። እናንተ ፎቶ አንሺዎች ሁሌ "ማንም ያላያቸው ማህበረሰቦች" ትላላችሁ፣ እነዚህ ሴትዮዎች ከአርቲስት በላይ ፎቶ ተነስተዋል እኮ። ሰርግህን ብታነሳ ይሻልሃል፣ ቢያንስ ሙሽራዋ ፎቶው ለማን እንደሆነ ታውቃለች 😂

ጋሽ_ፊልም

የቦሌው ልጅ ቀልድህ ውስጥ እውነት አለ፣ ግን ልጁን ተስፋ አታስቆርጠው። እኔ የማውቀውን የቴክኒኩን ልመልስ፣ ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ ፊልም አጥቤያለሁ።

ልጄ፣ መጀመሪያ ይግባህ፣ ካሜራህ ሰው አያይም። ያየውን ሁሉ ደባልቆ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ነው የሚፈልገው። ነጠላና ሰማይ ፍሬሙን ሲሞሉት "በጣም በራ" ብሎ ይቀንስልሃል፣ ፊት ይጠፋል። ጠቆር ያለ ፊት ከጨለማ ግድግዳ ጋር ፍሬሙን ሲሞላው ደግሞ "በጣም ጨለመ" ብሎ ይጨምርልሃል፣ ያኔ ነው አመድ የሚመስለው። ስለዚህ አውቶውን አትመነው። ስፖት (ብርሃኑን ከአንዲት ነጥብ ብቻ የሚለካው) ላይ አድርገህ ጉንጫቸው ላይ ለካ፣ ከዛ እንደ ቆዳቸው ጥቁረት ግማሽም አንድ ስቶፕም ቀንስ (አንድ ስቶፕ ስትቀንስ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል)፣ ምክንያቱም ጠይም ፊት መካከለኛ ግራጫ አይደለም፣ ጠይም ሆኖ መውጣት አለበት። ስፖት ከሌለህ ደግሞ ነጭ በበዛበት ወደ ላይ አንድ ጨምር፣ በሮው (በጥሬው ፋይል) አንሳ፣ ነጠላው ትንሽ ቢነድ ግድ የለም፣ የነጠላን ጥለት የሚያይ ሰው የለም። (አለ እንጂ፣ ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎች ያያሉ፣ እነሱን ይቅርታ ጠይቅልኝ።)

ሌላው ሰዓቱ ነው። ያለህበት ከፍታ ቀላል አይደለም፣ አናቱ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ እንደ ቢላ ነው፣ ዓይናቸው ጉድጓድ ይሆናል። ጠዋት 12 ተኩል እስከ 2 ተኩል ያለውን ተጠቀም። ነጠላውን ደግሞ ጠላትህ አታድርገው፣ ፀሐይ ከጎን ሲመታው ከአገጭ ሥር ወደ ፊት ብርሃን ይመልሳል፣ በነፃ ያገኘኸው ሪፍሌክተር ነው። ያላባቸውን ፊት አትጥረግ፣ ላቡ ላይ ያለው ብልጭታ ነው የፊቱን ቅርጽ የሚያወጣልህ።

እንዲያውም አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በኛ ጊዜ የማተሚያው ማሽን ቀለም የሚስተካከለው በካርድ ነበር። ካርዱ ላይ አንዲት ነጭ ሴት አለች፣ ሸርሊ ነው የምትባለው፣ ፊልም የሚያመርተው ኮዳክ ቤት ትሠራ የነበረች ሴት ናት የመጀመሪያዋ፣ ከዛ በኋላ የመጡትም ሁሉ በስሟ ተጠሩ። የሷ ፊት ካማረ ማሽኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። እንግዲህ የጉራጌ ሰርግ፣ የጋምቤላ ተማሪ፣ የጉለሌ ክርስትና፣ ሁሉም በሸርሊ ፊት እየተለካ ነው የታተመው። እኛ በእጅ ቢጫውን ስንጨምር ቀዩን ስንቀንስ እንውል ነበር፣ ደንበኛው "ፊቴን ከሰል አደረጋችሁት" ብሎ ይሰድበናል። የኮዳክ ፊልም ጥቁሩን ለይቶ አያወጣም የሚለው ቅሬታ ጠንከር ያለበት ከጥቁር ሰው ሳይሆን ከቸኮሌትና ከእንጨት ዕቃ ፋብሪካዎች ነው አሉ፣ ጥቁሩ ቸኮሌትና ቡኒው ቸኮሌት አንድ ሆኖ ይወጣብናል ብለው። የተለያየ ቀለም ያላቸው ሰዎች ያሉበት ካርድ የመጣው በፈረንጆቹ 90ዎቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፊታቸው ሲጠፋብህ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም ልጄ፣ የቆየ ነገር ነው።

የገንዘቡንና የፈቃዱን ሌላ ሰው ይመልስልህ፣ እኔ በስቱዲዮ ውስጥ ከፍለው የሚገቡትን ነው ያነሳሁት።

ሜሮን_ምስል

ጋሼ እናመሰግናለን፣ የቸኮሌቷን አላውቅም ነበር 🙏

ጠያቂው፣ አንድ ሰው ልንገርህ ከሱ ብዙ ትማራለህ። ጎርደን ፓርክስ ይባላል፣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ በፈረንጆቹ 1912 ካንሳስ ተወለደ፣ 15 ልጆች ካሉበት ቤት የመጨረሻው። ባቡር ላይ አስተናጋጅ ሆኖ ሲሠራ ተሳፋሪ ጥሎት በሄደ መጽሔት ላይ የስደተኛ ገበሬዎችን ፎቶ አየና ተነካ፣ አሮጌ ካሜራ ገዝቶ ራሱን አስተማረ። በ1942 ዋሽንግተን ለመንግሥት የእርሻ መሥሪያ ቤት የፎቶ ክፍል ሊሠራ ሄደ። አለቃው ሮይ ስትራይከር በመጀመሪያው ቀን ካሜራውን አስቀምጦ ከተማ እንዲወጣ አደረገው፣ ሂድ ካፖርት ግዛ፣ ምግብ ቤት ብላ፣ ሲኒማ ግባ አለው። የትም አላስገቡትም። የአገሪቱ ዋና ከተማ ውስጥ! ተናዶ ተመለሰ፣ ያንን ንዴት በፎቶ ላሳይ አለ። አለቃው ምን አለው መሰለህ፣ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ የምታጸዳ ሴት አለች፣ ሂድና አነጋግራት።

ኤላ ዋትሰን ትባላለች። ቁጭ ብሎ ሕይወቷን ጠየቃት፣ አባቷ በነጮች መንጋ ተገድሏል፣ ባሏ በጥይት ሞቷል፣ የልጅ ልጆች ታሳድጋለች። ከዛ ባንዲራው ፊት መጥረጊያና መወልወያ ይዛ ቀጥ ብላ ቆማ አነሳት። ፎቶዋ ዓለም ያወቃት ናት አሁን። አለቃው ሲያያት ደነገጠ፣ ሁላችንንም ከሥራ ታስባርረናለህ ዓይነት ነገር ነው ያለው። ግን የኔ ነጥብ ይሄ አይደለም፣ የኔ ነጥብ ቀጥሎ ያለው ነው፣ እዛ ላይ አልቆመም። ሳምንታት አብሯት ዋለ፣ ቤቷ ሄደ፣ ከልጅ ልጆቿ ጋር እራት ስትበላ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ስትጸልይ፣ ሰፈሯ ውስጥ ገበያ ስትወጣ አነሳት። ያንን ሁሉ ስታይ የባንዲራዋ ፎቶ ሌላ ትሆንብሃለች፣ ምልክት መሆኗ ይቀርና ሰው ትሆናለች።

አንተ 400 ፎቶ አለኝ አልክ፣ ስንቱ ላይ ነው ሸክም የሌለው?

ቀጥ ብለው ቆሙ ብለህ ደግሞ አታማርር፣ ኤላ ዋትሰንም ቀጥ ብላ ነው የቆመችው።

ስለ ገንዘቡ፣ ፓርክስ በ1948 ላይፍ መጽሔት ውስጥ ገባ፣ የመጀመሪያው ጥቁር ቋሚ ፎቶግራፈር ነው። በ1961 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሄዶ ኮረብታ ላይ ያለ የድሆች ሰፈር ውስጥ ፍላቪዮ የሚባል አስም ያለበት ልጅ አነሳ። አንባቢው አለቀሰ፣ ገንዘብ ጎረፈ፣ ልጁን ዴንቨር ወስደው አሳከሙት፣ ቤተሰቡ አዲስ ቤት ገባ። እሰይ ትላለህ አይደል? ግን ብራዚሎቹ ተናደዱ፣ እነሱም መጽሔታቸው ፎቶግራፈር ኒውዮርክ ልኮ የኒውዮርክን ድሃ አስነሳ፣ እናንተስ ጋ ምን አለ ለማለት። ልጁ ደግሞ አሜሪካን ለምዶ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ አልሆነለትም፣ ካደገ በኋላም ልመለስ ይል ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ረዳ ወይስ ጎዳ ለሚለው ቀላል መልስ የለም፣ ፓርክስ ራሱ ዕድሜ ልኩን ሲያስብበት ነው የኖረው መሰለኝ።

ከኛም ሰው አይጠፋም። ሙሉጌታ አየነ በ2019 ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውን አውሮፕላን ሐዘን ያነሳበት ተከታታይ ፎቶ በ2020 ዎርልድ ፕሬስ ፎቶ በሚባለው ዓለም አቀፍ ውድድር በድንገተኛ ዜና ተከታታይ ፎቶ ዘርፍ አንደኛ ወጥቷል። አንድ ፎቶ ሳይሆን ታሪኩ ነው የተሸለመው። ፎቶግራፈሯ አይዳ ሙሉነህ ደግሞ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የጀመረችው የኛን ምስል እኛው እናሳይ ብላ ነው፣ ሥራዎቹን ፈልገህ እይ።

ቦሌ_ሰፈር_09

ሜሮን ሌክቸሩ አሪፍ ነው ግን ፓርክስ ደሞዝ ነበረው፣ ይሄ ልጅ ሳምንታት ሙሉ አንዲት እናት ተከትሎ ከዋለ ሰርጉን ማን ያነሳለታል?

የተሸካሚዋ_ልጅ

ሦስት ቀን አንብቤ አንብቤ ዝም ብዬ ነበር፣ በቃ ልጻፍ።

እናቴ 20 ምናምን ዓመት ከእንጦጦ እንጨት አውርዳለች። እኔንና ሁለት ወንድሞቼን በዛ ነው ያሳደገችን። አሁን አቁማለች፣ ወገቧ እምቢ አለ። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ነው የምሠራው፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ለስልጠና አንድ ሆቴል ሄድን (ስሙ ይቅር)፣ ለሻይ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። እናቴ ናት። ፊቷ አይታይም፣ ጎንበስ ብላለች፣ ግን ጉልበቷ ላይ የምታስራትን አረንጓዴ ሻሽና ኮንጎ ጫማዋን አወቅኳት፣ ጫማው በሽቦ የተሰፋ ነው፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከሥሩ የተጻፈው ምን መሰላችሁ፣ "የእንጦጦ ሴት"። በቃ። የፎቶግራፈሩ ስም ግን አለ።

ከጎኔ ያለችው ባልደረባዬ "እንዴት ያምራል" አለች። እኔም አዎ አልኩ። እናቴ ናት አላልኩም። ያንን ነገር እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩትም፣ እዚህ ስሜን ስለማታውቁ ነው የምጽፈው።

እና ወንድሜ፣ የቦሌው ልጅ ያለው ልክ ነው፣ እነሱን ያላነሳ የለም፣ ግን የሚነሳው ሸክሙ ነው። እናቴ ቤታችን ውስጥ ስንት ፎቶ እንዳላት ልንገርህ? ሁለት። አንዱ የቀበሌ መታወቂያዋ ነው። አንዱ ወንድሜ ሲመረቅ የተነሳነው። እዛኛው ላይ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥ ብላ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፣ አንተ የመታወቂያ ይመስላል የምትለው ዓይነት። ለሷ ፎቶ ማለት እሱ ነው። የኛ ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲል ይለብሳል፣ ይታጠባል፣ ይቆማል፣ ምክንያቱም ፎቶው ከሱ በኋላ ይቀራል። ሳታስበው በድካሟ ሰዓት የተነሳው ላንተ "እውነተኛ" ነው፣ ለሷ ግን ተሰረቅኩ ነው።

ስለ ክፍያው የማውቀውን ልንገርህ። መንገድ ላይ ብር አትስጥ። ለአንዷ ሰጥተህ ለሌላዋ ካልሰጠህ ይጣላሉ፣ ነገ ደግሞ ሸክማቸውን ላንተ ብለው ይቆማሉ፣ ያኔ ትያትር ነው። ከፈለግህ ሸክሙን ግዛ። ሌላው በሚገዛበት ዋጋ፣ ሳትከራከር። እናቴ ሸክሟ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከተሸጠላት ቀኑ የሷ ነው፣ ያለበለዚያ እስከ ሰሜን ገበያና ከዛም ወዲያ በር እያንኳኳች ትዞራለች። የገዛኸውን ለሰፈርህ እንጀራ ጋጋሪ ስጠው። ከዛ "እማማ ቤትዎ ቡና ልጠጣ?" በል። ካሜራውን በዛ ቀን አትያዝ።

ማንም አንስቶት የማያውቀውን ደግሞ ልንገርህ ከፈለግህ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተጠራርተው ሲወጡ ጅብ እንዳይበላቸው እርስ በርስ ሲዘፍኑ። የጫካው ጥበቃ ሲመጣ የሚደበቁበት ጉድጓድ፣ እሱን እንኳን አታንሳው ያስይዛቸዋል። ሸክሙን ከሸጡ በኋላ ቀጥ ለማለት የሚፈጅባቸው ጊዜ፣ እናቴ ግድግዳ ይዛ ቀስ ቀስ ብላ ነበር የምትቃናው፣ እኛ ልጆች ሆነን እንደ ጨዋታ እንቆጥርላት ነበር፣ አንድ ሁለት ሦስት እያልን። የማርያም ማህበር ተራዋ ሲደርስ። ገመዱን ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብላ ስትፈትሽ፣ ገመድ ከተበጠሰ ሰው ይገላልና።

ሌላ ደግሞ፣ ጸበሉ አካባቢ ካሜራ አታውጣ፣ እዛ ያለ ሰው በሽታውን ቤተሰቡ ሳይሰማ ሊድን የመጣ ነው።

ሜሮን_ምስል

😢 ምንም የምለው የለኝም። የሆቴሉ ፎቶ ኮፒ እንኳን አላገኛችሁም?

የተሸካሚዋ_ልጅ

በስልኬ አንስቼው ነበር። ለእናቴ አላሳየኋትም።

ፍትሐ_ብሔር_27

ስሜን አይታችሁ እንደምትገምቱት ሕግ ነው የተማርኩት 😄 ፈቃድ እንዴት ልጠይቅ ላልከው ባጭሩ፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ላይ ሊታይ፣ ሊባዛ፣ ሊሸጥ አይችልም ይላል። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ ሕግ ነው ግን ማንም አያነሳውም። ቁጥር 28 ላይ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፣ የታወቀ ሰው ከሆነ፣ የመንግሥት ሥልጣን ካለው፣ ፍርድ ቤት ወይ ፖሊስ ከፈለገው፣ ለሳይንስ ለባህል ለትምህርት ጥቅም ከሆነ፣ ሕዝብ ከሚያየው ጉዳይ ጋር ከተያያዘ። ፎቶግራፈሮች "ለባህል ነው" እያሉ በዚህች ቀዳዳ ነው የሚያልፉት፣ የሆቴል ግድግዳ ማስዋብ ግን ባህል ነው የሚል ዳኛ የሚኖር አይመስለኝም። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት እንዲወርድላት ልትጠይቅ ትችላለች፣ ካሳም አለ። እህቴ ከፈለግሽ በውስጥ አናግሪኝ፣ ገንዘብ አልጠይቅም።

ለጠያቂው፣ ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀት ላይ አታስፈርም፣ የማያውቁት ወረቀት ያስፈራል፣ መሬት የሚወሰድባቸው ይመስላቸዋል። በስልክህ ድምፅ ቅዳ፣ ምን እንደምታደርግበት በአማርኛ በግልጽ ተናገር፣ ኢንስታግራም ከሆነ ኢንስታግራም፣ ውጭ አገር ከሆነ ውጭ አገር፣ ሽያጭ ካለው እሱንም። ልጆች ካሉበት ወላጅ ይፍቀድ።

ጀበና_ከቀጨኔ

እኔ ደግሞ ከጎረቤት ሰፈር ነኝ፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። እኛ ጋ ችግሩ ተቃራኒው ነው፣ ብዙዎቹ መነሳት አይፈልጉም። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፣ ስንት ዘመን "ጠይብ" "ቡዳ" ስንባል ነው የኖርነው፣ ሰው ጀበናችንን ገዝቶ ቡናውን እየጠጣ እኛን ዓይናቸው ይበላል ይላል። ዓይኑ ተፈርቶ የኖረ ሰው ፊት ደግሞ መስታወት ዓይን ይዘህ ስትመጣ... አስቡት። አክስቴ አንዱን ፎቶ አንሺ "እኔን ስታየኝ ካልፈራህ አንሳኝ፣ ግን ስሜን አትጻፍ፣ ልጄ ልታገባ ነው" አለችው። ሜሮን የነገረችን የኤላ ዋትሰን ስም መታወቁ ጥሩ ነው፣ ግን ስም ለሁሉም ክብር አይደለም፣ ለአንዳንዱ አደጋ ነው፣ ጠይቁ።

እጅ አንሱ እጅ። የእናቴ እጅ ጭቃ ሲያሽ፣ ጀበናው ከእሳት ወጥቶ ገለባ ላይ ሲጣልና ጭሱ ሲያጠቁረው፣ ያንን ብታዩ ፊት አትፈልጉም። ደግሞ ጋሽ ፊልም፣ ጥቁር ጀበና ለማንሳት ስንት ልቀንስ?

ጋሽ_ፊልም

አንድ ተኩል ቀንሺ የኔ ልጅ፣ መስኮት ከጎን ይሁን፣ ብልጭታው ሆዱ ላይ አንዲት መስመር ከሆነ በቂ ነው።

የተሸካሚዋን ልጅ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ77ቱን ድርቅ ፎቶ አስታወሰኝ። የኮረሙን ያነሳው ሞሐመድ አሚን የሚባል ኬንያዊ ነው፣ ፈረንጅ አልነበረም፣ ያ ፊልም እህል አምጥቷል ብዙ ነፍስ አትርፏል፣ አልክድም። ግን እዛ ሜዳ ላይ ከተቀመጡት ስማቸው የሚታወቅ ስንት ናቸው? ከዛ በኋላ ደግሞ ውጭ አገር የሄደ ልጃችን ሁሉ "እናንተ ጋ ምግብ አለ?" ሲባል ኖረ።

የጉለሌው_ካሜራ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዝም ያልኩት ስለሄድኩ ነው። ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ 400ውን ሁሉ ከፍቼ ሜሮን እንዳለችኝ ሸክም የሌለበትን ቆጠርኩ። ሦስት። ከሦስቱ አንዱ ውሻ ነው።

ከዛ የእኚያን እናት ፎቶዎች መርጬ ስድስቱን 10 በ15 አሳተምኩና ማለዳ ግንቧ ጋ ጠበቅኳቸው። ሸክማቸውን ገዛሁ፣ ዋጋውን ሲነግሩኝ እሺ ስል ተጠራጠሩ፣ "ምን ልታደርገው ነው አንተ ምጣድ አለህ?" አሉኝ 😂 ለጎረቤታችን እንጀራ ጋጋሪ እንደሆነ ነገርኳቸው። እኔ ራሴ ተሸክሜ ላድርስ አልኩ፣ ሃምሳ ሜትር ሳልሄድ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ሁለት ሴቶች መጥተው እየሳቁ አወረዱልኝ፣ በመጨረሻ በጋሪ ነው የሄደው። ሰፈሩ ሁሉ አይቶኛል፣ የሚቀጥለውን ሰርግ ሳነሳ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።

ፎቶዎቹን ስሰጣቸው እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ነው የተቀበሉኝ። አንድ በአንድ አዩ። እኔ ፊታቸውን ያያሉ ብዬ ነበር፣ ያዩት ሸክሙን ነው። አራተኛው ላይ ቆም ብለው ከፊት አድርገው ከርቀት አዩትና "ይሄን ለማንም እንዳታሳይ" አሉኝ። ደነገጥኩ፣ ምነው እማማ አልኩ። "አታይም እንዴ፣ በግራ በኩል ወርዷል፣ ገመዱ ላልቷል፣ ሰው ሲያየው ማሰር የማትችል ሰነፍ ይለኛል።" እኔ ደግሞ ለውድድር ልልከው የነበረው እሱን ነው፣ ዘንበል ያለው ነገር "ኮምፖዚሽኑን" አሪፍ አድርጎታል ብዬ። ሌሎቹን ሴቶች ጠሩና ያንን ፎቶ ደብቀው አምስቱን አሳዩ። አንዷ "የኔስ የታለ?" አለችኝ፣ ስለዚህ እንግዲህ ማተሚያ ቤቱ ሀብታም ሊሆን ነው።

ቡና ቤታቸው ጠጣሁ። ካሜራ አልያዝኩም። ልክ ስወጣ "የፊታችን 21 ማርያም ነው፣ ልጄም ትመጣለች፣ እንጦጦ ማርያም ስንስም ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን ታነሳናለህ" አሉኝ፣ ጥያቄ አይደለም ትእዛዝ ነው። ገመድ የሚፈትሹበትን ማታም እንዳነሳ ፈቅደዋል፣ የስልክ ቅጂው አለኝ፣ ቅጂው ላይ ከኋላ ዶሮ ነው የሚሰማው።

አራተኛውን ፎቶ ከኮምፒውተሬ ላጥፋው ወይስ አስቀምጬ አላሳየው?

ቦሌ_ሰፈር_09

አስቀምጠው ግን አታሳየው። ሴትየዋ ከአንተ የተሻለች ኤዲተር ናት በነገራችን ላይ። ዘንበል ያለውን እኔም አልወደውም።

(የሰርጉን ነገር ተውኩት።)

ፍትሐ_ብሔር_27

እንዳታሳይ ተብለሃል፣ አለቀ፣ ቁጥር 27።

የተሸካሚዋ_ልጅ

ለእናቴ ይሄን አነበብኩላት። "ግራው የወረደው ቅጠሉ እርጥብ ስለሆነ ነው፣ ገመዱ አይደለም፣ ንገሪው" አለችኝ። የሆቴሉን ፎቶም ማታ አሳየኋት። ብዙ ዝም አለች። ከዛ "ሻሿ የት ሄደች?" አለች።

የጉለሌው_ካሜራ

እነግራቸዋለሁ 🙏 ለእናትሽ ሰላም በይልኝ።

ጋሽ ፊልም ካሉ፣ 21 ላይ ሁሉም ነጭ በነጭ ነው የሚለብሱት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ነው ቅዳሴ የሚወጣው ያሉኝ፣ እርስዎ ፀሐዩ እንደ ቢላ ነው ያሉኝ ሰዓት ላይ ነው። ምን ላድርግ?

ጋሽ_ፊልም

ግቢው ውስጥ ዛፍ አይጠፋም። ከዛፉ ጥላ ጫፍ ላይ አቁማቸው፣ ፊታቸው ወደ ብርሃኑ። ጉንጫቸው ላይ ለካ። ቀጥ ብለው ይቁሙ። ሁለት ቅጂ አሳትም፣ አንዱ ለልጅቷ።